አጎቴ አይቸገሩ

ዋይሳኬ የአክስቴ ልጅ ነው። በእኛ በፊጂዎች ዘንድ የአክስትና የአጎት ልጆች መሰዳደብ መብታቸው ነው፤ እንዲያውም ዝም ከተባባሉ ተኳርፈዋል ይባላል። ስለዚህ አሁን የምለውን ሁሉ በፊቱም ብየዋለሁ። ሐሜት አይደለም።

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። አንድ ድስት፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ለአዘቦት አንድ ሽርጥ፣ ለእሁድ አንድ ሽርጥ፤ በቃ። ሚስት አላገባም። በቤተ ክርስቲያናችን ሰባኪ ነው፤ ስለ ብልና ስለ ዝገት ሲሰብክ አሮጊቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔ ግን ከኋላ ተቀምጬ ቆሽቴ ያርራል፤ ዐይኑ የሚያርፈው እኔ ላይ ነዋ! ቤቴ ኮተት ሞልቶታል፣ አልክድም። ሁለት ፍሪጅ አለኝ። አንደኛው ከተበላሸ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ባለቤቴ ኬሌራ ልብስ ታስቀምጥበታለች።

"ኢላይሳ፣ መንግሥተ ሰማያት ፍሪጅ ተሸክመህ ልትገባ ነው?" ይለኛል ከጸሎት ስንወጣ።

"አንተ የምትገባበት ቦታ የሚሞቅ ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ እኔው ጋ ነው የምትመጣው" እለዋለሁ።

በአገራችን ዘመድ ዘመዱን "ከሬከሬ" ብሎ ከጠየቀ እምቢ አይባልም። መጋዝም ቢሆን፣ ሸሚዝም ቢሆን፣ አሳማም ቢሆን ይሰጣል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ የእኔ ደጅ ከጠያቂ ተለይቶ አያውቅም። ዋይሳኬ ደጅ ግን ድርሽ የሚል የለም። ምን አለውና ይጠየቃል! ከአባቱ የወረሰው መሬት ከወንዙ እስከ ኮረብታው ይደርሳል፤ እሱ የሚተክለው ለራሱ ጉሮሮ የሚበቃ ሁለት መቶ ጎደሬ ብቻ ነው። የቀረው ጫካ ውጦታል። "የዕለት ጉርሴ ይበቃኛል" ይላል። ሽማግሌዎቹም "ክርስቲያን ማለት እንዲህ ነው" ይላሉ።

ያ ክፉ አውሎ ነፋስ የመጣው በየካቲት ነው። እኛን በመጠኑ ነካካን። ማዶ ያለችውን ትንሿን ደሴት ግን ባሕሩ ወጣባት። የዋይሳኬ የእህቱ ልጅ ሊቲያና ከባሏና ከአራት ልጆቿ ጋር የምትኖረው እዚያ ነው። እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ በልጅነቷ ዋይሳኬ ትከሻ ላይ ተቀምጣ ነው ያደገችው። በእኛ ልማድ ደግሞ የእህት ልጅ ከአጎቷ የማትጠይቀው ነገር የለም።

በሦስተኛው ቀን በጀልባ መጣች። ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፣ እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ አጨበጨበች።

"አጎቴ፣ ከሬከሬ" አለችው። "እርሻችንን ባሕር በላው። እስኪደርስልን የምንበላው፣ ደግሞም የምንተክለው ጎደሬ ስጠን።"

ጎደሬ ከተተከለ እስኪደርስ ስምንት ወር ይፈጃል። ዋይሳኬ ማሳውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ብርድ ልብሱን አጥፎ፣ ድስቱን ከላይ አስቀምጦ አቀረበላት።

"ያለኝ ይኸው ነው ልጄ።"

"ባዶ ድስት ምን ላድርገው አጎቴ?" አለችው። አልተቆጣችም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው።

አርባ ጎደሬ ነቅሎ በጆንያ ሰጣት። ስድስት ሆነው ስንት ቀን ሊበሉት! አመስግናው እኔ ቤት መጣች። ያ የተሰደበው ኮተቴ ያን ቀን ወጣ፤ ሁለት ጆንያ ሩዝ፣ ሸራ፣ ከጓሮ የተከመረ አሮጌ ቆርቆሮ። ኬሌራም ፍሪጁን ከፍታ ለልጆቹ ልብስ አወጣች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ዋይሳኬ ጋ ሄጄ ጮህኩበት።

"በል ስበክ! የተባረከው ድህነትህ አንዲት ልጅ እንኳ አላበላም! አንተ የተውከው ንብረትን አይደለም፣ ሰውን ነው!"

ስሰድበው ዝም ያለኝ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው፤ ደንግጬ ወጣሁ።

በማግሥቱ ከጫካው የገጀራ ድምፅ ሰማሁ። አምሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰውዬ የአባቱን መሬት ይመነጥራል። በአራት ወር ውስጥ ችግኝ እየነጠለ ወደ ሁለት ሺህ ጎደሬ ተከለ። መንደሩ ማማት ጀመረ። "ሰባኪያችን ሀብት ወደደ" ተባለ፤ አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ከስብከት ይረፍ ብሎ ነበር። ዋይሳኬ ለማንም አላስረዳም። ጀርባውን እያሸ ይተክላል።

ጎደሬው ሲደርስ ወደ ደሴቲቱ በሚመላለሰው ባለ ጀልባ በኩል ለሊቲያና "ነይ ውሰጂ" ብሎ ላከባት። ባለ ጀልባው መልሱን ይዞ ሲመጣ አብረን ቆመን ነበር።

"'አጎቴ አይቸገሩ፣ እኛ ደህና ነን' ብላለች።"

ደህና አልነበሩም። አፈሩ ጨው ስለጠጣ የተከሉት ሁሉ እየጠወለገ፣ የባሏ ዘመዶች ፊታቸውን እያጠቆሩ በሚሰጧቸው ካሳቫ ነበር የሚያድሩት፤ ይህንንም ባለ ጀልባው ነገረን። ዋይሳኬ ግን የሰማው አንዷን ቃል ብቻ ነው።

"አይቸገሩ?" አለ። "እኔን አይቸገሩ አለችኝ?"

'አንተ' እያለችው ያደገች ልጅ አንቱ አለችው። በእኛ ቤት ይህ አክብሮት አይደለም። በር መዝጋት ነው።

ሁለት ጆንያ ላከላት፤ ለቤተ ክርስቲያን አስረከበችው። ሌላ ሁለት ላከ፤ እሱንም እንዲሁ። ሰውየው ምግብ አስጠላው። አንጀቴን በላኝ።

"እስቲ ንገረኝ" አልኩት፤ "ከዚያች ልጅ አንድ ቀን ምን ጠይቀህ ታውቃለህ?"

"ምንም። አስቸግሬያት አላውቅም።"

"እኮ! ከእኔስ? ከማንስ? አንተ ከሰው አትቀበልም፣ ሰው ከአንተ ይቀበል ትላለህ። ይሄ ምን ዓይነት ክርስትና ነው? ትዕቢት ነው እንጂ!"

"ውጣልኝ" አለኝ። ወጣሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ጀልባዬ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት። ጆንያ አልያዘም፤ ባዶ እጁን ነው። ምንም ሳልጠይቅ ሞተሩን አስነሳሁ።

ሊቲያና በእኔ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጣ ሰሌን ትሠራለች። ስታየን ተነሥታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በአንቱታ ተቀበለችን። ዋይሳኬ ወደ ውስጥ አልገባም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ወይ ጉድ! አጎት ለእህቱ ልጅ ሲያጨበጭብ አይቼ አላውቅም። እሷም አላየችም፤ ቀጥ ብላ ቀረች።

"ሊቲያና፣ ከሬከሬ" አለ። "የምተኛው መሬት ላይ ነው፤ ወገቤ አልቋል። ሰሌን ስጪኝ። ያንን።"

የጠቆመው ለገበያ ያዘጋጀችውን ትልቁን ነው፤ የሦስት ወር ሥራዋን። አንተ ሰው፣ አጠገቡ ትንሿ አለች እኮ! ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ባሏም ከውስጥ ብቅ ብሎ ራሱን ያዘ።

ሊቲያና አጎቷን ብዙ አየችው። ከዚያ ሰሌኑን ጠቀለለችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"አርጅተሃል እኮ አጎቴ" አለችው።

አርጅተሃል! ጆሮዬን አላመንኩም። ዋይሳኬ ሰሌኑን አቅፎ እንባው ዱብ ዱብ አለ። እሷም ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ እጇን አጨበጨበች።

"እንግዲህ የእኔንም ስማ። በጆንያ የሚመጣ ጎደሬ አልፈልግም። ለልጆቼ ማረሻ መሬት ነው የምፈልገው፤ ይሄ አፈር ሞቷል። እናቴ የተወለደችበትን፣ የወንዙን ዳር ስጠኝ። ከሬከሬ።"

"ከየት እስከ የት?" አለ ባሏ ፈራ ተባ እያለ።

ዋይሳኬ ወደ እሱ አልዞረም፤ የሚያየው እሷን ነው።

"እጅሽ እስከደከመበት ድረስ" አላት።

ሳይጨርስ ድስቷን ልትሰበስብ ተነሥታለች። ስድስት ሰው፣ ሦስት ዶሮ፣ ያ ግዙፍ ሰሌንና ዋይሳኬ እኔው ጀልባ ላይ ተጫኑ። ውሃው እስከ አፏ ደርሶ ልትሰምጥብኝ ነበር። መንገዱን ሁሉ ስሳደብና ሳለቅስ ደረስን።