የተደበቁት ስሞች

የተያዝኩት ወረታ ከሚገኘው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቄ ነው። ሁለት ፖሊሶች ገቡ። አንደኛው የጀመርኩትን የደንበኛ ማመልከቻ እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ። ሌላው ኮምፒውተሩንና መሳቢያ ውስጥ ያገኛቸውን ፍላሾች በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቀ። ምን አጠፋሁ ስላቸው እዚያው ትሰማለህ አሉኝ።

ከሌሎች እስረኞች ጋር ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የሩዝ መጋዘን ነበር። ክረምት ስለነበር የሜዳው ውኃ በግድግዳው ሥር ይሰርጋል፤ ወለሉ ላይ የቀረው እብቅ ረጥቦ ይሸታል። እብቁ ስንተኛ ጉሮሯችን ውስጥ ነው፣ ስንነሣ ፀጉራችን ላይ።

በማግሥቱ መርማሪው አስጠራኝ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ነገሩን ያኔ ሰማሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እኔ ዘንድ ወረቀት አሳትሞ ፍላሹን ይዞ ሄዷል። ፍላሹን ቢሮው ሲሰካው ማዳበሪያ የሚታደላቸው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬዎች ስም ዝርዝር ጠፋ። ቫይረስ ነው ተባለ። ቫይረሱን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ገበሬውን ከመንግሥት ለማጣላት የላከኝ ሰው አለ ተባልኩ።

"ሰው ቫይረስ የሚሠራው ለምንድን ነው?" ሲል ጠየቀኝ።

የማውቀውን ነገርኩት። አንዳንዱ ለገንዘብ ነው፤ የሰው ፋይል ቆልፎ ክፈል ይላል። አንዳንዱ ከሥራው ሲባረር ቂሙን ይወጣበታል። ጉብዝናውን ለማሳየት ብቻ የሚሠራም አለ። መንግሥታትም ለስለላ ያሠራሉ አልኩት። እስከዚያ ድረስ ሲጽፍ ቆይቶ እዚህ ላይ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣ። በመጨረሻ ያነበበልኝ ግን "ለፖለቲካ ዓላማ እንደሚሠራ አምኗል" የሚል ነበር። አልፈርምም ብዬ ተመለስኩ።

አጠገቤ የሚተኙት ከጣራ ገዳም አካባቢ የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። የታሰሩት ፍትሐት አድርሰው ነው፤ ሟቹ መንግሥት ፍትሐት እንዳይደረግለት የከለከለው ሰው ኖሯል። ቫይረስ የሚሉት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰው የጻፈው ትእዛዝ ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተጋባ ያበላሻል አልኳቸው። በተማሪነታቸው ዘመን አብሯቸው ስለነበረ ሰው አወሩኝ። ከቅኔው ይልቅ ወደ አስማት ያዘነበለ ነበር። እሱ በጻፈው አስማት የጎረቤት ላም ነጠፈች ተባለ። የኔታ ለብቻው ወስደው ሲጠይቁት ላሚቱንም ባለቤቷንም እንደማይጠላ ነገራቸው።

"ቃሉ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ነው አለኝ" አሉ። "እኔን ያስፈራኝ ይኸ ነው ልጄ። ቢጠላ ይሻል ነበር፤ ጥላቻስ ይበርዳል።"

ያን ጊዜ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኳቸው። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህር የመጣሁበትን ሜዳ አንሥቶ "ከረግረግ የወጣ" ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። እኔም ቫይረስ ሠርቼ የላቦራቶሪው ኮምፒውተሮች ላይ ለቀቅኩት። መምህሩን ምንም አልነካውም። የአንዲት የክፍላችንን ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አጠፋው። ስታለቅስ አጠገቧ ቆሜ አጽናናኋት፤ እኔ ነኝ አላልኳትም።

የኔታ አልተቆጡኝም፣ አይዞህም አላሉኝም። ያሁኑንስ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ያሁኑን አልሠራሁም አልኳቸው።

ከጥቂት ቀን በኋላ መርማሪው ያን ፍላሽ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር ፊቴ አስቀምጦ ዝርዝሩን እንዳገኝለት ጠየቀኝ። እንዳየሁት ገባኝ። ስሞቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። እንዲህ ያለውን ሱቄ ውስጥ በየቀኑ አወጣለሁ። እዚህ ባወጣው ግን የሠራው እሱ ነው ይሉኛል። አልችልም ብል የሚያውቅብኝ የለም። እስከ ነገ ላስብበት አልኩት።

ሩዙ ማዳበሪያ የሚሻበት ሰሞን ነበር። ለየኔታ ነገርኳቸው።

"ያሰረው ሌላ ነው" አሉኝ። "መፍታት ከቻልክ ፍታ። የሚሉህን ይበሉህ።"

በማግሥቱ አወጣሁት። ገበሬዎቹ ከነአባታቸው ስም ተደርድረው መጡ። መርማሪው ከኋላዬ ቆሞ ያያል። "የሠራውን ቫይረስ ራሱ አጠፋው" ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ብዕር ጠየቅኩት። የምፈርምለት መስሎት ሰጠኝ። ከጽሑፉ በታች "ዝርዝሩን አወጣሁ እንጂ አልደበቅኩም" ብዬ በእጄ ጻፍኩና ከዚያች መስመር ሥር ብቻ ፈረምኩ። ወረቀቱን አልቀደደውም። አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ተቀመጥኩ። የኔታን ከእኔ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ የት እንደሆነ የሚነግረኝ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እኔ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ማዳበሪያው ቁሐር ሚካኤል የደረሰው ሩዙ ቢጫ ከሆነ በኋላ መሆኑን ከሱቄ ደንበኞች ሰማሁ። ያን ቫይረስ የሠራው ሰው ወረታ የምትባል ከተማ መኖሯን እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ባለፈው ዓመት የዚያችን የኮሌጅ ልጅ ስልክ አፈላልጌ ደወልኩላት። አሁን አስተማሪ ናት። ጽሑፏን ያጠፋሁት እኔ እንደነበርኩ ነገርኳት። ያን ዓመት ሳትመረቅ መቅረቷን፣ አባቷም ምርቃቷን ሳያዩ መሞታቸውን በዝግታ ነገረችኝ።

"ለምን?" አለችኝ በመጨረሻ።

ለመርማሪው ከደረደርኩለት አንዱን ልል ጀምሬ ተውኩት። ጥቂት ጠበቀችኝና ስልኩን ዘጋችው።