በስንዴው መሃል የተበየደ ብረት

ገላኔ ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ብየዳ ቤት አላት። ሙያውን ከአጎቷ ተምራ ለዓመታት የበርና የመስኮት ብረት ስትበይድ ከኖረች በኋላ፣ አምና በኤሌክትሮድም፣ በሽቦም፣ በአርጎን ጋዝም የሚሠራ ማሽን ገዛች። መጀመሪያ ሰሞን ከለመደችው ኤሌክትሮድ ሌላውን ቁልፍ ለመንካት ትፈራ ነበር። ደንበኛ በጠፋ ቁጥር ግን ቁርጥራጭ ብረት ላይ እየሞከረች ሁሉንም ለመደችው።

በኅዳር አንድ ቀን ከአጋርፋ ተደወለላት። የገበሬውን የኦቦ ጉሉማን ስንዴ የሚያጭደው ኮምባይነር፣ የፊት ማጨጃውን የሚሸከመው ብረት ተሰንጥቆ ማሳው መሃል ቆሟል። ማሽኑንና ጄኔሬተሩን ፒካፕ ላይ ጭና ስትደርስ በዲንሾ ተራሮች በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የደረሰ ስንዴ በረዶ ከመታው አለቀለት።

«ልጄ፣ በኤሌክትሮድ ቶሎ ያዝ አድርጊውና ይሂድ» አሏት ኦቦ ጉሉማ።

ገላኔ ዙሪያውን ቃኘች። ከእግሯ ሥር ደረቅ ገለባ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የቆመ ስንዴ። ነፋሱም በርትቷል።

«ኦቦ፣ ኤሌክትሮድ ፍንጣሪ ይተፋል። አንዷ ገለባው ላይ ካረፈች ማናችንም አናቆመውም። ኮምባይነሩ ወደ መንገድ ቢወጣስ?»

«ከተነቃነቀ ብረቱ ይበጠሳል» አለ የኮምባይነሩ ሾፌር ቀነዓ።

«እንግዲያው በአርጎን ይሁን፤ እሱ ብዙም አይፈናጠርም። የቀለጠውን ብረት ከአየር የሚከልለውን ጋዝ ነፋስ ከወሰደብኝ ግን ብየዳው ወንፊት ይሆናል። ሸራ ወጥራችሁ ያዙልኝ።»

ገለባውን ጠርገው መሬቱን ውሃ አጠጡት። የብየዳው ኤሌክትሪክ ኮምባይነሩን እንዳይጎዳ ቀነዓ የባትሪውን ገመድ ፈታ። ገላኔ ማሽኑን ወደ አርጎን አዙራ ጋዙን ከፈተች፤ ሥራው ረጅም ስለሆነ ጣቷ እንዳይዝል፣ የእጀታው ቁልፍ አንዴ ተጭነው ቢለቁትም እንዳይጠፋ አድርጋ አስተካከለችው።

ገና እንደጀመረች ጄኔሬተሩ አቃስቶ የብየዳው እሳት ጠፋ። ማሽኑ የሚስበው ከጄኔሬተሩ አቅም በላይ ነበር። አምፒሩን ዝቅ አደረገች። አሁን ነደደ፤ ግን ወፍራሙ ብረት እስኪቀልጥ እጇን በጣም ማዘግየት ነበረባት። ነጎድጓዱ እየቀረበ፣ የኦቦ ጉሉማ እግር ወዲህና ወዲያ ሲል ይሰማታል።

የስንጥቁ ብየዳ ሊያልቅ ሲል ነፋሱ ሸራውን ከቀነዓ እጅ ነጠቀው። በዚያው ቅጽበት ጭስ ሸተታት። ስንጥቁን ከምትሞላበት ሽቦ የጋለ ቁራጭ ተንከባሎ ውሃ ያልነካው ገለባ ላይ አርፏል። ቁልፉን ዳግም ተጭና ብየዳውን አቁማ ጭምብሏን ስትገፍፍ፣ ነበልባሉ ወደ ስንዴው እየተሳበ ነበር። ኦቦ ጉሉማ ጋቢያቸውን ገፈው እሳቱ ላይ ወደቁ፤ ቀነዓ ጀሪካን አንስቶ አፈሰሰበት። ጠፋ።

የሽማግሌው መዳፍ ተልጧል።

«ጨርሺው» አሏት፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ደብቀው።

ነፋስ ያገኘው ጫፍ እንደፈራችው ተቦርቡሯል። በመሮ ፈልፍላ አወጣችውና እንደገና ሞላችው። ቀነዓ የባትሪውን ገመድ መልሶ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲሮጥ ከለከለችው፤ ብረቱ በራሱ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ደመናው ፀሐይዋን እየዋጠ፣ ሁሉም የግራጫውን ብረት አፍ አፍ እያዩ ቆሙ። በመጨረሻ «ሂድ» አለችው።

ብየዳው ያዘ። በረዶው የመጣው አብዛኛው ስንዴ ከገባ በኋላ ነው፤ ማሳውን በሚያዋስነው ወንዝ በኩል የቀረው መሬት ላይ ተኛ። ገላኔ ፒካፑ ውስጥ የኦቦ ጉሉማን መዳፍ በንጹሕ ጨርቅ ስትጠቀልል፣ እሳቸው በመስኮቱ የተኛውን ስንዴ ይመለከቱ ነበር።

«ለከርሞ» አሉ፣ «አጨዳው ሳይጀመር መጥተሽ ኮምባይነሩን ታዪልኛለሽ።»