ያን ጠዋት ያበላኋት ቡላ

ይህን ለእግዚአብሔር እንኳን አፍ አውጥቼ አልነገርኩትም። ስጸልይ እዞረዋለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ እለምንና አሜን ብዬ እነሳለሁ። አሁን ለማላውቅህ ለአንተ በዚህ ወረቀት እናገራለሁ። እንድታጽናናኝ አይደለም፤ ማጽናናትህን ለራስህ ያዘው።

ሆሳዕና ከተማ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ነበርን። ልጄ አስቴር ጎመን እየከተፈች ታወራኛለች። ቢላዋው ከቀኝ እጇ ወደቀ። አነሳችው፣ ደግሞ ወደቀ። ሳቀች፤ ሳቋ ግን በአንድ ጎን ብቻ ሆነ። "እማ" ልትለኝ ፈልጋ ሌላ ድምፅ ወጣ። ጎረቤት ሮጦ መጥቶ "ምን ሆነች?" ሲል፣ ከሁሉም መካከል የማውቀው እኔ ነበርኩ። አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ በፊት የሆነው ይህ ነው። የአስቴር ልብ አመታቱ ልክ አልነበረም፤ ይሮጣል፣ ይደናቀፋል፣ ደግሞ ይሮጣል። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ደረቷን ቅባት ቀብተው በአልትራሳውንድ አዩዋት። እሷ ልብሷን ስትለብስ ሐኪሙ፣ ገና ልጅ ነው፣ በር ላይ አነጋገረኝ።

"እናቴ፣ በደረት በኩል የረጋ ደም አላየሁም።"

"ስሙ ይመስገን።"

"ይቆዩ፣ አልጨረስኩም። ሳሎን በር ላይ ቆመው ጓዳ ይታይዎታል? ልብ እንዲህ ሲዘባረቅ ደም የሚረጋው ጓዳው ውስጥ ነው፤ ጥግ ላይ ትንሽ ኪስ አለች። በደረት በኩል እሷን በደንብ አናያትም። ነገ ቀጭን ቱቦ በጉሮሮዋ አስገብተን ከኋላ እናያለን። ሕክምናውን ያኔ እንወስናለን። ጠዋት ምንም እንዳትቀምስ ይንገሯት።"

አልተማርኩም ብዬ አላመልጥም። የነገረኝ ገብቶኝ ነበር። ግን "አላየሁም" ያላትን አንዷን ቃል ይዤ ወጣሁና ለጸሎት እህቶቼ ደወልኩ። "መሣሪያው ምንም አጣ፤ ጌታ ፈወሳት" አልኩ። በስልክ እልል አሉ፣ የእሁዱንም ምስክርነት ለእኔ ያዙልኝ። ነገ በጉሮሮ አይተው "አለ" ቢሉስ? እልልታውን ማን ይመልሰዋል? በማን ፊት እቆማለሁ?

ቱቦውን ፈርቼ ነው ብልህ ትምረኝ ይሆናል። እሱንም ፈርቼ ነበር። ከልጄ ጉሮሮ ይበልጥ ግን የራሴን ፊት ፈራሁለት።

በነጋታው፣ ባረፍንበት በአክስቴ ልጅ ቤት፣ ከሆሳዕና ይዤ የመጣሁትን ቡላ አገነፋሁ። ቅቤ አበዛሁበት።

"ዛሬ አይፈልጉንም እንዴ፣ እማ?" አለችኝ።

"ጨርሰናል። ንጹሕ ነው አሉ። ብዪ።"

በላች። እኔ አበላኋት። ሳህኑን እስክትጠርግ ቆሜ አየኋት። ከዚያ መናኸሪያ ሄደን ወደ አገራችን ተሳፈርን። እሁድ ቆሜ መሰከርኩ፤ እሷ አጠገቤ ቆማ በደስታ አለቀሰች። የሌላ ሰው ልጅ አልነበረችም፣ የራሴ ልጅ ነበረች። እያወቅኩ አስለቀስኳት።

ቢላዋው ከእጇ ከወደቀ በኋላ ወደዚያው ሐኪም ተመለስን። በጉሮሮዋ አዩ። ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን አደረገልን። በድሮው፣ በደረቱ፣ ልቧ ባዶ ነው። በአዲሱ፣ በጉሮሮው፣ ኪሷ ውስጥ የአይብ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ከዚያው ተነሥቶ የሄደ ደም ነው አንጎሏን የመታው አለ።

"ያኔ በማግስቱ ለምን ቀራችሁ?"

"ማን ነገረን?" አለች አስቴር፣ በሚጎተት ምላሷ። "አንተ ነህ ዝም ያልከው። ከክፍለ ሀገር ስለመጣን ነው? ሰው አልመሰልንህም?"

ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ወለሉን አየሁ።

"ይቅርታ፣ አስቴር" አላት።

ለምን እንዲህ እንዳለ አልጠየቅኩትም። ጥፋቴን አሸከምኩት፣ ቀለለኝም። እንዲህ ያለች እናት አይተህ ታውቃለህ? እንግዲህ እያት።

ደም ማቅጠኛ ጀመረች። ስትራመድ፣ ስትናገር፣ ቀስ በቀስ ተመለሰች፤ ቁልፍ ስትቆልፍ ብቻ ቀኝ እጇ አሁንም ይዘገያል። ያን ባየሁ ቁጥር ቡላው ይሸተኛል።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ገባን። ደግመው በጉሮሮዋ አይተው ኪሷ ባዶ ናት አሉ፤ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጥ። ቤታችን ነን። ልጄ ደህና ናት፤ ክፍሏ ውስጥ መዝሙር ታንጎራጉራለች።

የጸሎት እህቶቼ ደግሞ እሁድን ያዙልኝ። እቆማለሁ፤ የምናገረው ይህንኑ ነው። አስቀድማ ግን እሷ ትወቀው። ነገ ጠዋት፣ ቁርሷን ሳላቀርብ፣ ይህን ወረቀት እሰጣታለሁ። አንብባ ስታበቃ ከእጄ አልበላም ብትለኝ፣ ብዪ ብዬ አልለምናትም።