ከምላሴ ስር ያለፈው ክር

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ጥርሴን ልታከም ገብቼ የቅርንፉድ ሽታ ሲያውደኝ፣ ስምንት ዓመቴ ላይ ሱሉልታ የሆነው ነገር ትዝ አለኝ።

ከምላሴ ስር ውሃ የቋጠረ እብጠት ወጥቶ ያንተባትበኝ ነበር። አጎቴ ኦቦ ቶላ እንጥል የሚቆርጡ ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። ሽማግሌው ምላጫቸውን እየወለወሉ፣ "ካልተቆረጠ ዱዳ ትሆናለች" አሉ። እኔ ጥርሴን ነክሼ አፌን አልከፍትም አልኩ። ሰው ፊት ቀና ብላ የማታውቀው እናቴ መሃል ገባች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፤ ምላጭዎ ልጄን አይነካትም!"

አጎቴ "በሽማግሌ ፊት!" ብለው ጮኹባት። እሷ ግን ነጠላዋን አንስታ በሚኒባስ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ወደሚሸት ክሊኒክ ወሰደችኝ።

ሐኪሟ አደንዝዛኝ በእብጠቱ ውስጥ ክር አሳልፋ አሰረች። "ምራቋ መውጫ አጥቶ ነው፤ በር ከፈትንለት" አለቻት ለእናቴ። በዚያ በር ማን እንደሚገባ ሳስብ ሰነበትኩ። ከሳምንት በኋላ ክሩ ሲወጣ እብጠቱ ጠፍቶ ነበር።

በማግስቱ እናቴ አጎቴ ደጅ ወስዳ አቆመችኝ።

"በይ፣ ሰላም በያቸው።"

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ቶላ!" አልኩ፣ አንድም ፊደል ሳልውጥ።

ዛሬ ሰበታ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ዳኞቹ "ድምፅሽን ቀንሺ" ይሉኛል እንጂ "አልሰማንሽም" ብለውኝ አያውቁም።