ሱቁ ክፍት ይሁን

«አይነቀልም አልኩ! እኔ ቆሜ እያለሁ ያንን ነገር የሚነቅል እጅ አይኖርም!»

እናቴ ባንኮኒውን በመዳፏ ስትመታው የቁልፍ ካርቶኖቹ ዘለሉ፤ የሸሚዝ ቁልፎች ወለሉ ላይ ተበተኑ። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ከጎጃም እንደመጣ ጋቢውን እንኳ ሳያወልቅ የክር ጆንያ ላይ ተቀምጧል።

«ወንድሜ መሞቱን ሐኪሙ ነግሮሻል» አላት። «የሞተን ሰው ደረቱን ከፍ ዝቅ እያረጉ ማሰንበት ምን ይባላል?»

«ይተነፍሳል ጋሼ።»

«ማሽኑ ነው የሚተነፍስ።»

«ትናንት ጣቱን አንቀሳቅሷል። ጸበሉን ሳፈስበት። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!»

«ዚፕ አለ?» አለች አንዲት ሴት ከበሩ ላይ።

«የቀሚስ ነው የሱሪ?» አልኳት።

አጎቴ ፊቱን ወደኔ አዞረ። «አሁን ዚፕ ይሸጣል?»

«ይሸጣል» አለች እናቴ። «ሱቁ ክፍት ነው። ባለቤቱ ታሞ ተኝቷል እንጂ የት ሄደ? ሲነሳ ‹ዘግታችሁ ጠበቃችሁኝ?› እንዲለኝ አልፈልግም። ስጣት፣ ሰማያዊው ከላይ ነው።»

ሰማያዊውን አወረድኩላት።

አባቴ የወደቀው እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ የክር ካርቶን ሲያወርድ ነው። መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ ተሸክሞት የሮጠ ይመስለኛል። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ቆይቶ ሐኪሙ እናቴንና እኔን ጠርቶ አስቀመጠን። የተኛ አይደለም፣ ራሱንም የሳተ አይደለም፣ አንጎሉ ሙሉ በሙሉ ሞቷል አለን። ደጋግመው መርምረዋል። አየሩን የሚያስገባው ማሽኑ ነው፤ ልብም በዚያ ምክንያት ይመታል፤ እሱም ቢሆን ብዙ አይቆይም። ተመካክራችሁ ንገሩን አለ። ጥሩ ሰው ነው፤ እየተናገረ ዓይኑን ከእናቴ ላይ አላነሳም።

እናቴ ከዚያ ወጥታ በቀጥታ መጥታ ሱቁን ከፈተች።

በእኛ ተራ ነጋዴ ሲሞት ከድንኳኑም ከለቅሶውም በፊት የሱቁ በር ይዘጋል። የሚዘጋውም ከቤተሰቡ አንዱ ነው። ጎረቤቶቹ ያንን አይተው የየራሳቸውን ገርበብ ያደርጋሉ። ሌላ ማስታወቂያ የለም። እናቴ ይህን አሳምራ ታውቃለች። በሩ ወለል ብሎ እስከተከፈተ ድረስ መርካቶ ውስጥ «ነፍስ ይማር» የሚላት ሰው አይኖርም።

እኔ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ እውላለሁ። አላርፍ ሲለኝ እስከ ሲኒማ ራስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ግጥም የምሞክረው በክር ካርቶን ጀርባ ላይ ነው፤ ያን ሰሞን ካርቶኑ ባዶውን ይቀር ነበር።

የጣቱን ነገር ተራው ሁሉ ሰምቷል። ሴቶቹ እልል ብለውላታል፤ አንዱ ሙዝ ልኳል። ሐኪሙን ስጠይቀው እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ከአከርካሪ የሚመጣ ነው፣ አንጎል የለበትም አለኝ። «ቤተሰብን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። ለእናቴ ነገርኳት። «እሱ የጸበል ነገር ምን ያውቃል» ብላ ጉልበቱን ማሸቷን ቀጠለች። አባቴ ከጥምቀት ወዲህ ጉልበቴን ይል ስለነበር ማታ ማታ በቅባት ታሸው ነበር። ሆስፒታልም ቅባቱን ይዛ ነው የምትሄደው።

ቤታችን በጠያቂ ስለተሞላ ነው ክርክሩ ሱቅ ውስጥ የሆነው። አጎቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔስ ወንድሜ አይደለም? ጠልቼው ነው?»

«ሳይቆርብ እንዴት ብዬ ጋሼ?» አለች በድንገት። «እንዴት አድርጌ ልላከው?»

ይኸው ነበር ነገሩ። እናቴና አባቴ የተጋቡት በሽማግሌ ነው። ልጅ አሳድገን ስንጨርስ አብረን እንቆርባለን እያለች ስትለምነው ኖራለች። እሱ ይስቅባታል። «እኔ መርካቶ ነጋዴ ነኝ። ቆርቤ ስመለስ ‹በገዛሁበት ነው፣ እናቴን!› ብዬ ለደንበኛ ብምል ምን ይውጠኛል? ሱቁን ልተውና እንቆርባለን።» ሱቁን ግን አይተውም።

የንስሐ አባታችን የገቡት ይህን ጊዜ ነው። ያስጠራቸው አጎቴ ነው። ተነሳን፣ መስቀል ተሳለምን። እናቴ ቁጭ እንኳ ሳይሉ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ በቱቦውም ቢሆን ማቁረብ አይቻልም?»

«አይቻልም ልጄ። በቱቦ አይሰጥም።»

«እንግዲያው እስኪነቃ እጠብቃለሁ።»

«ጠብቂ። እኔ ንቀይ አልልሽም። ግን ምን እንደምትጠብቂ ለራስሽ ንገሪው። እግዚአብሔር ሊያስነሳው ከፈለገ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም።»

«እና እኔ ልግደለው?»

«ማንም አይገድለውም። ሐኪሙ ያለው እውነት ከሆነ ነፍሱ በፈጣሪዋ እጅ ናት። እዚህ የያዝነው ሥጋውን ብቻ ነው።»

«ሳይዘጋጅ! ንስሐ ሳይገባ! እየቀለደብኝ እንደኖረ!»

አባ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። መስቀሉን በጣቶቻቸው መሃል ያገላብጡታል።

ከበሩ ላይ ሳል ተሰማ። ከጎናችን ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ዕድሜያቸውን በአንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ተካፍለው የኖሩ። የሻይ ፔርሙስ ይዘዋል።

«እህቴ፣ ይቅርታ» አሉ። «በእናንተ ሃይማኖት አልገባም። ግን ይሄ ግድግዳ ወሬ አይይዝም፣ ሁሉንም ሰማሁ። ከሰማሁ አይቀር ደግሞ ሌላም የሰማሁት አለ።»

«ምን ሰሙ ሐጂ?»

«ዙሁር ልሰግድ ምንጣፌን ሳነጥፍ በእናንተ በኩል ጧ፣ ጧ ይላል። የወደቀ ቁልፍ የሚለቅም መስሎኝ ነበር። ኧረ በየቀኑ ቁልፍ ይወድቃል እንዴ? አንድ ቀን ገባሁበት። ከካርቶኑ ጀርባ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይሰግዳል። ‹ሐጂ፣ ቀኖና ተሰጥቶኝ ነው። ለሴትዮዋ ትንፍሽ እንዳትል፣ በድንገት ነው የማስደስታት› አለኝ። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላ አብረን ነው የሰገድነው፤ እኔ በዚያ፣ እሱ በዚህ። ‹አንተ ቶሎ ትጨርሳለህ፣ የእኔ ጉልበት አለቀ› እያለ ይቀናብኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ከጥምቀት ወዲህ ያየሁት ነገር የገባኝ። አባቴ ለደንበኛ መማል አቁሞ ነበር። ሲከራከሩት «ብያለሁ እንግዲህ» ብሎ ዝም ይላል፤ ጥለውት ሲሄዱም ፈገግ ይላል። እኔ ደክሞት ነው ብዬ ነበር።

«አባ፣ እውነት ነው?» አለች እናቴ።

«የንስሐ ነገር ከእኔ አፍ አይወጣም ልጄ» አሉ። ዓይናቸው ግን ሞልቶ ነበር። መስቀሉን ዘረጉላት፤ ተሳለመችውና ግንባሯን እዚያው አሳርፋ ቆየች።

ቀና ስትል ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ ወጣት።

«ያ ሁሉ ቅባት!» አለች። «ቆሞ መዋሉ ነው እያልኩ ሳሽ! እያየኝ ዝም ይላል እኮ ይሄ ሰውዬ! ዝም ይላል!»

አጎቴ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ። ሐጂ ሻዩን ሳይቀዱ ፔርሙሱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ከመሳቢያው የቅባቱን ብልቃጥ አውጥታ በቦርሳዋ ከተተች።

«አንድ ጊዜ ልሸው» አለችው አጎቴን። «ከዚያ አባ ይጸልዩለታል። ከዚያ ሐኪሙን እርስዎ ይንገሩልኝ ጋሼ፣ እኔ አፌ አይችልም።»

«እነግረዋለሁ» አለ አጎቴ። «እነግረዋለሁ እህቴ።»

«ነጭ ክር አላችሁ?» አለ አንድ ልብስ ሰፊ ከውጭ።

እናቴ ወደኔ አየች፣ ከዚያ ወደሱ።

«ዛሬ ዝግ ነው ወንድሜ» አለችው።

ሰውየው አንዴ እሷን አንዴ አባን አየና ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ጎንበስ ብዬ የተበተኑትን ቁልፎች መልቀም ጀመርኩ። አባና አጎቴ ወጡ፣ ሐጂ ተከተሏቸው። እናቴ የመጨረሻዋ ነበረች። ደፍ ላይ ቆማ መደርደሪያውን እስከ ላይ ድረስ በዓይኗ ዞረችው፤ እኔ ባንኮኒው ሥር መሆኔን የረሳች መሰለኝ። አንዱን የብረት በር ሳበች፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ያ በር ሁልጊዜ ከታች ይይዛል፤ አባቴ ነበር በእግሩ ገፋ የሚያደርገው። እሷም በእግሯ ገፋ አደረገችውና ተዘጋ።