ጋሼ ተፈራ የዘለሉት ምዕራፍ

ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ቀጥሎ የማምነው ሰው ጋሼ ተፈራ ነበሩ። በስደት ባደግንበት አገር፣ ሜይላንድ ሃይትስ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን ነበሩ፤ ለሰፈሩ ሐበሻ ሴት ልጆች የእግር ኳስ አሰልጣኝም የአማርኛ አስተማሪም እሳቸው። ያኔ፣ ሰመር ላይ፣ ከልምምድ በኋላ ጓሯቸው ውስጥ እንጨት ያነዱልንና፣ ጭሱ በዞረ ቁጥር እየተሳደቡ ወንበራቸውን እያዞሩ፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ከሚሸጥበት ጋራዥ ሴል የገዙትን አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በአማርኛ እየመለሱ ያነቡልን ነበር። እንግሊዝኛውን ከእሳቸው በላይ እኛ እናውቀዋለን፤ ግን አንዳችንም መጽሐፉን እንይ ብለን አናውቅም። ምን በወጣን! የሚጣፍጠው ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ነበር።

መጽሐፉ ከመቶ ዓመት በፊት ስለነበረ አንድ እንግሊዛዊ የክንፍ ተጫዋች ነው። እኛ «ቀጭኑ» እንለው ነበር። የከሰል ቆፋሪ ልጅ፣ ራሱም ገና በዐሥራ አራት ዓመቱ ጉድጓድ የወረደ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በቀኝ መስመር ተከላካይ የሚያሳብድ። ጋሼ ተነስተው ያሳዩናል፤ ቀጭኑ ኳሷን ይዞ ይበርርና ድንገት ቀጥ ይላል፣ ተከላካዩ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ያልፈዋል፣ እሱ መስመሩን ይዞ እስከ ማዕዘኑ ይሄድና ለአጥቂው ጭንቅላት ያሻማል።

«አንድ ቀን እንኳ ወደ ጎል መትቶ አያውቅም» ይላሉ ፍሙን እየቆሰቆሱ። «ጨዋ ክንፍ ያቀብላል እንጂ አይመታም። ገባሽ?»

ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። ቀኝ ክንፍ የምጫወተው እኔ ነኝ፤ አጥቂያችን ደግሞ ብሌን፣ የእሳቸው ልጅ።

ገብቶኝ ነበር፣ እንዴት አድርጎ! ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ የፕሮቪንሱ፣ የክፍለ ሀገሩ ማለት ነው፣ ምርጥ ቡድን መራጮች ጨዋታችንን ሊያዩ መጡ። እዚያ ቡድን ለመግባት ስል ዊንተሩን ሙሉ ከቤታችን ሥር ቤዝመንት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ስጫወት ነው የከረምኩት። በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ በረኛዋ ወድቃ ጎሉ ባዶውን ቀረልኝ። ሁለቱንም ጊዜ ለብሌን አቀበልኩ። ሁለቱንም አገባች። እሷ ተመረጠች፣ እኔ ቀረሁ። መኪና ውስጥ ሳለቅስ ጋሼ ጭንቅላቴን ዳበስ አድርገው «ቀጭኑ ቢያይሽ ይኮራብሽ ነበር» አሉኝ። እኔ ጅሏ፣ ተጽናናሁ።

ባለፈው ሰመር ጋሼ ሬድስቶን የሚባል ሰፈር ብሌን ዘንድ ሊገቡ ሲሉ ዕቃ ላግዝ ሄድኩና መጽሐፉን ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ገለጥኩት። ለካ ቀጭኑ ከማዕዘን ሲያሻማ የኖረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ክለብ ገዛው፤ እዚያ መስመሩን እየተወ ወደ ውስጥ መግባትና በግራ እግሩ መምታት ጀመረ፤ ከክለቡ ሁሉ ብዙ ጎል የሚያገባው እሱ ሆነ። ስሙን ያስጠራውም ይሄው ነው። ምዕራፍ ሙሉ! አንዲት መስመር አልነገሩንም።

ይዤው ወጣሁ። «ጋሼ፣ ይሄን ለምን ዘለሉት?»

መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ብዙ አዩት። «ብሌን ኳስ ካልመጣላት የትም አትደርስም ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ጎበዟ አንቺ ነበርሽ። አንቺማ እንደምንም ትደርሻለሽ ብዬ ነው።»

«አልደረስኩም እኮ፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ብጮህባቸው ደስ ባለኝ፤ ግን በሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ላይ እንዴት ይጮኻል? ሳጥናቸውን ጭኜላቸው ወደ ቤቴ ነዳሁ።

አሁን ዳውንታውን ቢሮ ነው የምሠራው። ስንቱን ፕሮጀክት ከጫፍ አድርሼ፣ አለቆች ፊት የሚቀርብበት ቀን ሲመጣ «አንተ አቅርበው» ብዬ ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ሰው ሁሉ ትሁት ይለኛል፤ እኔም ተፈጥሮዬ ይመስለኝ ነበር። አንድ አባት ለልጁ ሲል እንዲህ አድርጎ እንደሠራኝ አሁን አውቃለሁ። ንዴቱ ይበርድልኛል ብል አልበረደልኝም። ይህን ሁሉ አውቄ እንኳ፣ ባለፈው ሳምንትም «አንተ አቅርበው» ብዬ ሰጠሁ።