ከቅዳሴ በፊት አንድ ጣሳ ውሃ

እናትዓለምን ያን እሑድ ንጋት ያነቃት የእንስራው ክዳን ድምፅ ነው። ብድግ ብላ ጓዳ ስትገባ ባሏ ቄስ ገድሉ ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጢማቸው ረጥቦ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ምን አደረግህ?» አለች። ከተጋቡ ጀምሮ «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብላቸው አታውቅም።

«ጠጣሁት መሰለኝ» አሉ። «ጉሮሮዬ ደርቆ... እንቅልፍ ልቤን ይዞት ነበር። ጣሳው ባዶ ሲሆን ነው የነቃሁ።»

«መሰለኝ ይላል ደግሞ!»

ቀዳሽ ካህን ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፉ ከዞረ መቅደስ አይገባም። ከዘንዘልማ ወደ ሐይቁ ወረድ ብላ ያለችው ደብራቸው ደግሞ ካህናቷ ጥቂት ናቸው። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልሞሉ ቅዳሴ የለም፤ ሦስተኛው ቄስ ለልቅሶ ደልጊ ሄደዋል። በዚህ ላይ ዛሬ የልጃቸው የቃልኪዳን ሕፃን ሰማንያ ቀኗ ነው፤ የምትጠመቅበት፣ የምትቆርብበት ቀን። ቃልኪዳን ስንት ዓመት ከጠበል ጠበል ተንከራትታ ያገኘቻት ልጅ ናት። ይኸው አሁን ከዓባይ ማዶ በባጃጅ ተሳፍረው እየመጡ ነው።

ይህ ሁሉ በምን ተበላሸ? በአረቄ! ትናንት ቀትር ላይ ጎረቤታቸው አንዳርጋቸው የአባቱን ተዝካር አውጥቶ ነበር። ቄስ ገድሉ «የነገ ቀዳሽ ነኝ» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! «ገና ቀን ነው አባ፣ በሞቴ! አፈር ስሆን! ለአባቴ ነፍስ አንድ ብቻ!» በጠላው ላይ አረቄ፣ በአረቄው ላይ ጠላ፣ ያውም እህል በቅጡ ሳይቀምሱ። እምቢ ማለት ሟቹን መናቅ ይሆናል። ባሏ ሰካራም አይደሉም፤ ሰካራም ቢሆኑ ኖሮ እንኳ መጠናቸውን ባወቁት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገብተው እንደ ግንድ ተጋደሙ። ከዚያማ ዞረ ድምሩ ሌት ሙሉ ሲሠራባቸው አደረ፤ ራስ የሚፈልጥ፣ ሆድ የሚያገላብጥ፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ ከሁሉም በላይ አንጀት የሚያሳርር ጥም። አረቄ የሰውነትን ውሃ አሟጦ ሄዶ ሰውየውን ደረቁን ይተወዋል። አንዳርጋቸው ግን ሲጠማው ይጠጣል፣ ሲያመው ይተኛል፤ ማንም አይጠይቀውም።

ደወሉ ተደወለ። ቄስ ገድሉ ጥምጥማቸውን አንስተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ካንቺ በቀር ያየኝ የለም» አሉ ቀስ ብለው።

እናትዓለም ሕፃኗን አሰበች። አንዲት ቃል ካልተነፈሰች ሁሉም እንደታሰበው ይሆናል። አፏን ልትይዝ ዳዳት፤ መዳዳቷ ራሱ አናደዳት።

«እግዜርን ምን ልንለው ነው? ሄደህ ለሕዝቡ ንገር። ካልነገርህ እኔ እነግራለሁ!»

ሄደው ነገሩ። ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘው «ውሃ ጠጥቻለሁ፤ መቀደስ አልችልም» አሉ። ቃልኪዳን ሕፃኗን እንዳቀፈች ማልቀስ ጀመረች። ባሕር ዳር ስልክ ተደወለ፤ በእሑድ ንጋት ትርፍ ቄስ ከየት ይምጣ? አንዳርጋቸው ከወንዶቹ መካከል ከንፈሩን መጠጠና «ወይ ጊዜ! ካህን ተሆኖ እንዲህ ይጠጣል?» አለ።

«ማን ቀዳላቸው?» እናትዓለም የቤተ ክርስቲያን ግቢ መሆኑንም ረሳችው። «በሞቴ እያልህ ጉሮሯቸው ውስጥ ያንቆረቆርኸው አንተ አይደለህም? ማጠጣቱ ደግነት፣ መጠጣቱ ነውር? አፈር ስሆን ማለት ለአፍህ እንዴት ቀለለህ!»

አንዳርጋቸው መሬት መሬት አየ። ሕፃኗ ሳትጠመቅ ወደ መጣችበት ተመለሰች።

በሳምንቱ ተጠመቀች፤ ወለተ ኪዳን ተባለች። ቀትር ላይ ቤቱ በእንግዳ ሞላ፤ አንዳርጋቸውም አፍሮ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። እናትዓለም ንዴቷ ገና አልበረደላትም። ባየችው ቁጥር ጥርሷን ነክሳ እያለፈች ጠላ ትቀዳለች። ከደልጊ የተመለሱት ቄስ ይትባረክ ዘንድ ስትደርስ ብርጭቋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«ይብቃኝ፤ ነገ ማርያም ናት፣ ቀዳሽ ነኝ።»

«ምነው አባ፣ የልጅ ልጄ ደስታ አይደለም እንዴ? በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ቄስ ገድሉ ቀና ብለው አዩዋት። አንዳርጋቸውም አያት። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ሳምንቱን ሙሉ ለአንዳርጋቸው ስትቋጥርለት የከረመችው ስድብ ሁሉ አሁን የራሷ ሆነ። ያቺን አደብ የማታውቅ ምላሷን ነክሳ ብትቆርጣት ደስ ባላት።

ጓዳ ገብታ ጆጉን አስቀመጠች። ጣሳውን አውርዳ ከእንስራው ውሃ ቀዳችና ለቄስ ይትባረክ ይዛ ወጣች።

«ይኸው አባ» አለች። «ካልጠማዎት ይተዉት።»